ዝም ካልኩ ቁም

እኔ ሥራዬ ሰማይ ላይ ነው። ክሬን ኦፕሬተር ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ምድር ላይ ሲጋፋ እኔ ከራሱ በላይ ተቀምጬ ብረትና ብሎኬት ሳመላልስ ኖሬአለሁ። ሳይት ላይ «ሰማይ ቤት» ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ አናጢው ነው፤ ያኔ እግሩን ገና አልጎዳሁትም ነበር።

እሱን ነገር አሁኑኑ ልናገረውና ይውጣልኝ። ያለፈው ዓመት ነው። ከግድግዳ ጀርባ፣ እኔ ከማላይበት ቦታ፣ አንድ እስር ብረት ማውረድ ነበረብኝ። የማላየውን የሚያይልኝና በሬዲዮ የሚነግረኝ ምልክት ሰጪ ታች ቆሟል። ብረቱ መሬት ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ሰውዬው «ተጠንቀቅ! ተጠንቀቅ!» ብሎ ጮኸብኝ። ከምኑ ልጠንቀቅ? አልነገረኝም። ዝም ብሎ ማቆም የሚባል ነገር መኖሩን ድንጋጤው አስረሳኝና በግምት ወደ ግራ ገፋሁት። አናጢው የቆመው በግራ በኩል ነበር። ሁለት የእግር ጣቶቹ እዚያው ቀሩ።

አጣሪዎቹ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ጽፈው ፈረሙ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ እንቅልፍ ግን አልሰጠኝም። አናጢውም ቂም አልያዘብኝም። የመሣሪያ መጋዘን ጠባቂ አድርገውት እዚያው ሳይቱ ላይ አለ፣ ጠዋት ጠዋት በበሩ ሳልፍ «ሰማይ ቤት፣ ጣቶቼን አላገኘሃቸውም?» ይለኛል። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዓይኔ የማላየውን ዕቃ አላነሳም ብዬ ማልኩ፤ ዓመት ሙሉም አላነሳሁም።

አንድ ሰኞ መሃንዲሱ ቢሮው አስጠራኝ። የምንሠራው የሆስፒታል ማስፋፊያ ነው። አራት ቶን የሚመዝን ጄኔሬተር መጥቷል፤ አሮጌውን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ከላይ ተሻግሮ መሃል ካለችው ግቢ መቀመጥ አለበት። ግቢዋ በአራቱም ማዕዘን በሕንፃ የተዘጋች ናት፤ በሯ ከአንድ የሕመምተኛ አልጋ በላይ አታሳልፍም። እኔ ካቢኔ ውስጥ ሆኜ የሚታየኝ ጣሪያው ብቻ ነው። ከጣሪያው በታች ያለውን አሥራ አምስት ሜትር በጆሮዬ ነው የማወርደው ማለት ነው።

«አላወርድም» አልኩት።

«ሁለት ሳምንት አለህ» አለኝ ቀና ሳይል። «ያኔም አላወርድም ካልክ የሚያወርድ ሰው አመጣለሁ። ክሬኑንም ይዞ ይቀራል።»

«ታች ሆኖ የሚነግረኝ ማን ነው?»

«አዲሷ ልጅ።»

አዲሷን ልጅ ሳይቱ ሁሉ ያውቃታል። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የምልክት ሰጪነት ሥልጠና ጨርሳ ከመጣች ወር አልሞላትም። ምላሷ አያርፍም። ሠራተኞቹ ገና በሦስተኛው ቀን «ሬዲዮ» ብለዋታል፤ የእጇን ሬዲዮ ማለታቸው አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቼ መጨረሻዬ በአንዲት ወሬኛ ልጅ አፍ ላይ ሊንጠለጠል ነው ብዬ ተቃጠልኩ።

ከቢሮው ስወጣ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር፤ ወደ ክሬኑ አብረን ሄድን። ልጅቱ ግማሽ እርምጃ ቀደም ብላ፣ ክርኗን ከጎኗ ራቅ አድርጋ ትራመዳለች።

«ደረጃ» አለችኝ። «ወደ ታች። አራት ነው።»

ያን ደረጃ ከመሠራቱ ጀምሮ ስወርደው የኖርኩ ሰው ነኝ።

«በግራ ውኃ አቁሯል፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ።» ጥቂት ሄደን ደግሞ፣ «አሁን ጎንበስ፤ ቧንቧ አለ፣ ግንባርዎ ጋ።»

ደሜ ፈላ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ዕውር ነኝ እንዴ?» አልኳት።

ቀጥ ብላ ቆመች። እስከ ጆሮዋ ቀላች። «ይቅርታ ጋሼ» አለች። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። አባቴ ዓይነ ስውር ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የምመራው እኔ ነኝ፤ ከሰው ጋር ስሄድ ሳላስበው ያመልጠኛል። ባለፈው ከመሃንዲሱ ጋር ፎቅ ስንወጣም ደረጃውን ቆጥሬለታለሁ።»

መሃንዲሱ አሥራ ስምንት ደረጃ እየተቆጠረለት ሲወጣ ታየኝና ሳቄ መጣ። ዋጥኩት። ገና ማኩረፌን አልጨረስኩም ነበር።

በማግስቱ ልምምድ ጀመርን። አናጢው ከመጋዘኑ ግድግዳ ጀርባ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ያስቀምጣል፤ እኔ ውኃ የሞላ በርሜል አንስቼ፣ ሳላይ፣ ሳጥኑ ላይ ማሳረፍ አለብኝ። የመጀመሪያው ክርክራችን በአንቱታ ላይ ሆነ። «ትንሽ ይውረዱ፣ አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ያዙሩልኝ ጋሼ» እስክትል በርሜሉ ግድግዳውን ሊገጭ ሆነ። ወርጄ «ሬዲዮ ላይ አንተ በይኝ» አልኳት። «እንዴት ብዬ?» ብላ ስትሽኮረመም፣ «ላይ ስሆን አንተ፣ ምድር ስረግጥ አንቱ» ብዬ ደነገግኩ። በዚያው ጸና።

ሁለተኛውን ያነሳችው እሷ ናት። «ጋሼ፣ እኔ ተጠንቀቅ የምትለዋን ቃል አልጠቀምም። እንዳይቸገሩ አስቀድሜ ልንገርዎ ብዬ ነው።»

ስለ አናጢው እግር ማንም አልነገራትም ነበር። «ለምን?» አልኳት።

«ምንም የማይል ቃል ነዋ! አባቴን ተጠንቀቅ ብለው ባለበት ይደነግጣል እንጂ ምን ያደርግበታል? ለማያይ ሰው የሚነገረው ምን እንዳለ፣ በየት በኩል እንዳለ፣ ስንት እርምጃ እንደቀረው ነው። ያንን ከነገርኩት መጠንቀቁን እሱ ያውቅበታል።»

አናጢው የሳጥኑን አቧራ በእጁ እየጠረገ ሰምቷት ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ያን ቀን ስለ ጣቶቹ አልቀለደም።

ተመልሼ ወጣሁና ቀጠልን። አቤት ስታወራ! «እየወረደ ነው፣ እየወረደ ነው፣ ልክ ነህ፣ አራት ሜትር፣ ምንም የለም፣ እየወረደ ነው፣ በርሜሉ ትንሽ ዞሯል፣ ለአንተ አያስቸግርህም፣ ሦስት ሜትር፣ እየወረደ ነው…» የመጀመሪያው ቀን ራሴን አመመኝ። በሁለተኛው ቀን በርሜሉ ከሳጥኑ ስንዝር ራቅ ብሎ አረፈ። በአራተኛው ቀን ሳጥኑ ላይ ጉብ አለ። በስድስተኛው ቀን የማላውቀው ነገር ሆነ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እያወረድኩ መሆኔን ያወቅኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ጣውላ ላይ ተቀምጠን፣ «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ለደቂቃ እንኳ ብታርፊ ምን አለበት?» አልኳት። «ምንም በሌለበት ሁሉ ምንም የለም ትያለሽ።»

«ለማያይ ሰው ምንም የለም ማለት ትልቅ ወሬ ነው» አለችኝ። ከዚያ ፊቷ ከበድ አለ። «ደግሞ ዝም ካልኩ ቁም። ይሄን ይያዙልኝ ጋሼ። ሬዲዮው ተበላሸ፣ እኔ ወደቅኩ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ድምፄ ከጠፋ ያለበት ይቁም። አይገምቱ።»

«ይሄንን ሥልጠናው ላይ ነው ያስተማሩሽ?»

«እነሱም ብለውታል። እኔ ግን የተማርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው።»

ብርጭቆዋን እያሽከረከረች ነገረችኝ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ አባቷን ከሚሠራበት ከብሩሽ መሥሪያው ትወስደው ነበር። አንድ ቀን አስፋልት ሲሻገሩ የክፍሏ ልጆች ከማዶ አዩአቸው። አንዷ ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘርግታ እንደ አባቷ መራመድ ጀመረች፤ ሌሎቹ በሳቅ ሞቱ። «እኔም መንገዱ መሃል ላይ ክርኔን ከእጁ አውጥቼ ዝም ብዬ ሄድኩ። መንገዱ ዳር ደርሼ ዞር ስል፣ አባቴ አስፋልቱ መሃል ቆሟል። መኪናው በግራም በቀኝም ይከንፋል። አልጠራኝም። ንቅንቅ አላለም። እጁ ክርኔ የነበረበት ቦታ ላይ፣ አየር ላይ እንዳለ ቀርቷል።»

«ከዚያስ?»

«ተመለስኩና ጫማዬ ወልቆ ነው አልኩት። እሺ አለኝ። አንድ እርምጃ ቢሞክር ኖሮ ይሞት ነበር፣ ጋሼ። ዛሬም ጫማው እንደወለቀ ነው የሚያውቀው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ዝም ብዬበት አላውቅም።»

እኔ ሆዴ ባብቶ፣ ደግ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ፣ «እንግዲህ መታወሩም ለበጎ ሆነ፤ ይኸው ለሙያ አበቃሽ» አልኳት።

ብርጭቆዋን ጣውላው ላይ ድቅ አድርጋ አስቀመጠችው። «እንዲህ አይበሉኝ! ሰባት ዓመቴ ነበር። ልጆቹ ገመድ ሲዘሉ እኔ የመንገድ ጉድጓድ ስቆጥር ነው ያደግኩት። ቢያይልኝና ይሄን ሙያ ባላውቀው እመርጥ ነበር። ችግሩን አላመሰግነውም። ያስተማረኝ ግን የእኔ ነው፣ አልጥለውም። ሁለቱን አያምታቱብኝ።»

ልክ ነበረች፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ በሰው ቁስል ላይ የምመርቅ ሰው መሆኔ አሳፈረኝ።

ቀኑ ደረሰ። ነፋስ የሌለበት ጥርት ያለ ጠዋት ነው። የላይኛው ፎቅ ሕሙማን ለጊዜው ተዛውረዋል፤ በግቢዋ በኩል ያሉ መስኮቶች በሙሉ እንዲዘጉ ለነርሶቹ ተነግሯል። ታች ቆሞ ጭነቱ እንዳይሽከረከር ገመድ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ማን እጁን ቢያወጣ ጥሩ ነው? አናጢው።

«አንተ ደግሞ ምን ቆርጦህ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ስምንት ቀርተውኛል» አለኝ የራስ ቁሩን እያሰረ። «ቆጥረህ ተረከብ፣ ቆጥረህ መልስ።»

መሰላሉን ወጣሁ። ካቢኔ ገብቼ መዳፌን ሱሪዬ ላይ ሦስት ጊዜ ጠረግሁ። ይህ ጭነት ሰው ከነካ ክሬኑን ብቻ አይደለም የማጣው፤ ሁለተኛ ራሴን መስታወት ውስጥ ማየት አልችልም። ይሄን እያሰብኩ ሳለ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «አለሁ» አለች። «ጄኔሬተሩም አለ፣ አናጢውም አለ። አንሳ።»

አነሳሁ። ጣሪያውን በዓይኔ እያየሁ አሻገርኩት። ከዚያ ጄኔሬተሩ ከጣሪያው ጫፍ በታች ሰመጠና ከዓይኔ ጠፋ፤ ሽቦ ገመዱ ብቻ ቀጥ ብሎ ወደ ጉድጓድ እንደገባ ሆኖ ቀረ።

«አሁን እኔ ጋ ነው» አለች። «እየወረደ ነው፣ እየወረደ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ በቀኝህ አንድ ሜትር አለህ፣ በግራህም አንድ፣ እየወረደ ነው፣ ልክ ነህ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ምንም የለም፣ ትንሽ ወደ ውስጥ ሳበው፣ ትንሽ፣ በቃ፣ እየወረደ ነው፣ እየወ…»

ዝም።

ቆምኩ። እጄ ከአእምሮዬ ቀድሞ ቆመ።

የዚያን ዝምታ ርዝመት የሚያውቀው እኔ ነኝ። አራት ቶን ብረት የሆነ ቦታ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አናጢው አለ። እጄ «አንድ ነገር አድርግ፣ ወደ ግራ በለው፣ ወደ ላይ ሳበው» ይለኛል፤ ያው ያለፈው ዓመት እጅ ነው። ሁለቱንም እጆቼን ከመሪው ላይ አንስቼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩና ተጫንኳቸው። መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። አንዲት ልጅ አስፋልት ትታ ስትሄድ ታየችኝ። ሰባት። ስምንት። አየር ላይ የቀረ እጅ ታየኝ። አይገምቱ ብላኛለች። አሥራ አንድ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አሥራ አራት ላይ ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ።

«አለሁ» አለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ቆመሃል፣ ጎበዝ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሬዲዮው አይደለም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ መስኮት ከፍተው አንገታቸውን አወጡ። ከጭነቱ እስከ ራሳቸው ክንድ አይሞላም ነበር። እሳቸው ላይ ልጮህ ነው የለቀቅኩህ። ገብተዋል፣ ነርሷ ዘግታባቸዋለች። ስምንቱም ጣቶች ደህና ናቸው። አሁን፣ ቀስ ብለህ፣ እየወረደ ነው፣ እየወረደ ነው…»

የቀረውን እንዴት እንዳወረድኩት አላውቅም። ድምፅዋ መራኝ፣ እኔ ተከተልኩ። «አንድ ሜትር። ስንዝር። ነካ። ተቀመጠ። ገመዱ ላላ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «አለቀ ጋሼ። ይረፉ።»

አንቱ ስትለኝ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው። የካቢኔውን መስኮት ከፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አላፍርበትም፤ እዚያ ላይ የሚያየኝ ወፍ ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር በዚያች ቀን ተነስቶ ሄደ።

ስወርድ አናጢው አንድ ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን ገልብጦ፣ ሦስቱን ጣቶቹን እያወዛወዘ ጠበቀኝ። «ሌሎቹን አምስቱን ደግሞ ሳላወልቅ እመነኝ» አለኝ። አቅፌው ቀረሁ። ይሸታል፤ ግን አቀፍኩት።

ልጅቱ ሬዲዮዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አለችኝ። «አባቴ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ ሥር ተቀምጧል። ደወልኩለት፤ ግን ደህና ሆነ ያልሽኝ እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው፣ ከሰውዬው አፍ ካልሰማሁ አላምንም አለኝ።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ አብረን ሄድን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ቤት ናት። ወንበሮቹ ሁሉ ግድግዳ ተጠግተዋል፤ መሃሉ ባዶ ነው፣ ማንም እንዳይደናቀፍ። አባቷ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው እስከ አንገት ቆልፈዋል። እጄን ፈልገው ያዙና አልለቀቁኝም። እሷ ሻይ ልታፈላ ወደ ማድቤት ገባች።

«ንገረኝ ወንድሜ» አሉኝ። «ምን አየህ?»

«ምንም አላየሁም» አልኳቸው። «እንደ እርስዎ ነበርኩ። የሰማሁትን ልንገርዎ።»

ከአነሳሁበት እስከ አረፈበት ነገርኳቸው። «እየወረደ ነው» የምትለውን ሁሉ ሳይቀር። ፈገግ እያሉ ሰሙኝ፤ ከዚያ ፊታቸው ጠቆረና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ልጅነቷን የጨረስኩባት አባት ነኝ። ሌላው ልጁን አዝሎ ሲያሳድግ እኔን ያዘለችኝ ልጄ ናት። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።»

ምን እላለሁ? ጣውላው ላይ የተማርኩትን አስታወስኩና ለችግሩ ምርቃት አልሰጠሁም። «ልክ ነው፣ ከብዷታል» አልኳቸው። «ዛሬ ግን አንድ ሽማግሌ ራሳቸው ሳይነካ፣ አንድ አናጢ ስምንት ጣቱን ይዞ፣ እኔም ሥራዬን ይዤ ቤታችን የምንገባው በእሷ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።»

ከዚያ፣ «ድምፅዋ ሲጠፋብህ ምን አደረግህ?» አሉኝ።

«ቆምኩ።»

«ፈራህ?»

«በጣም።»

«እኔም ያን ቀን በጣም ፈርቼ ነበር» አሉ፤ ሳቃቸው መጣ። «መንገድ መሃል። መኪናው ሸሚዜን እየነካ ነው የሚያልፈው። እንደምትመለስ ግን አውቅ ነበር። ስለዚህ ቆምኩ።»

ልጅቱ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ብርጭቆዎቹ መንቀጫቀጭ ጀመሩ። አባትየው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ፤ እዚያ መሆኗን ቀድሞም ያውቁ ነበር መሰለኝ።

«አባዬ» አለች። «ጫማዬ አልወለቀም ነበር።»

«አውቃለሁ» አሏት። «ጠዋት ያሰርኩልሽ እኔ ነኝ። በሁለት ቋጠሮ።»

ትሪውን ተቀበልኳት፤ አለዚያ ይወድቅ ነበር። ሄዳ እግራቸው ሥር ቁጭ አለችና ጭናቸው ላይ ራሷን አስቀመጠች። አሥራ ሰባት ዓመት ተሸክማው የኖረችውን የአንድ ቀን ዝምታ እዚያው አለቀሰችው፤ እሳቸው ፀጉሯን እየዳበሱ «ምንም የለም፣ አለሁ፣ ምንም የለም» ይላሉ። ሳያቋርጡ ነው የሚሉት። ማን ከማን እንደተማረው እኔ እንጃ። ሻዬን ወደ መስኮቱ ዞሬ ጠጣሁ፤ ስኳር አልነበረውም፣ አልጠየቅኩም።

ስወጣ ልትሸኘኝ ተነሳች። ዓይኗ አብጧል፣ ፊቷ ግን ቀሎታል። ኮሪደሩ ላይ ግማሽ እርምጃ ቀደመችኝ፤ ክርኗ እንደ ልማዱ ከጎኗ ራቅ አለ።

«ደረጃ» አለችኝ። «ወደ ታች። አሥራ ሁለት ነው።» ከዚያ ትዝ አላትና አፏን ያዘች።

መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል፤ ደረጃው ወለል ብሎ ይታየኛል። እጄን ክርኗ ላይ አሳረፍኩ።

«ቁጠሪ» አልኳት።